አርባ ስድስት ሃይላንድ በሻያ ወንዝ፦ የመምህር መሳይ ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ

መምህር መሳይ ኃይለየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ወልደሐና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋርጋ ተክለማርያም ሰኔ 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በባሌ ጠቅላይ ግዛት በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበራቸው የማይነሱ፣ ቀለም እንኳ ጠብ የማያደርጉ ረጋ ያሉ ሰው። ልጃቸው ያንን የማያርፍ እግር ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። እናታቸው ሲናገሩ፣ መሳይ በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው አያውቁም ይሉ ነበር። ምሳ የሚበሉት ቆመው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙት በር ላይ ነው። ሰው ቤት ሲጋበዙም ባርኔጣቸውን ከእጃቸው አያስቀምጡም ነበር።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው እኅተማርያም ኃይለየሱስ ናት። ስምንት ዓመት ስለምታንሳቸው፣ የልጅነታቸውን ከእናቷ እንደሰማችው፣ የቀረውን ዐይኗ እንዳየው ጽፋለች። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ላይ ለሟች የማይመች ነገር ሲገኝ ማለፍ የተለመደ ነው። እሳቸው ግን አንድም እንዳይታለፍ አጥብቀው አዘዋል፤ እሷም ታዛለች፣ ደስ ብሏት ግን አይደለም።

በ1960 ዓ.ም. በጎባ አንደኛ ክፍል ገቡ። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ቀን የቶጎና ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ አባታቸውን ጠየቁ። አባታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ወደ ታች» አሏቸው። «ታች የት ነው?» ብለው ቢነዘንዟቸው «ሂድና እየው» አሉ፤ ከፊታቸው ዘወር እንዲሉላቸው ነበር እንጂ የምር አልነበረም። መሳይ ግን የምር አድርገውት ሄዱ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የእህል መኪና ሾፌር ከሮቤ ማዶ አግኝቷቸው፣ ከጆንያ ላይ አስቀምጦ መለሳቸው። ወ/ሮ ሸዋርጋ በአንድ እጃቸው እያቀፉ በሌላው ገረፏቸው። ልጁም እንባቸውን ሳይጠርጉ «አልጨረስኩትም እኮ» ብለዋል ይባላል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1971 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ በባዮሎጂ ዲፕሎማ ከያዙ በኋላ መጀመሪያ ጎሮ ተመደቡ። እዚያ ሁለት ዓመት አስተምረው በ1976 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ተዛወሩ። ባሌን ለቆ ወደዚያ ወላፈን መሄድን ባልንጀሮቻቸው እንደ ቅጣት ቆጠሩት፤ እናታቸው አለቀሱ። እሳቸው ግን በዝውውሩ ደብዳቤ የተናደዱ መስለው፣ ዞር ብለው ሲስቁ ታናሽ እህታቸው ይዛቸዋለች።

ምጽዋ ሦስት ዓመት ቆዩ። ቤት ያከራዩአቸው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዋና አስተማሯቸው፣ በጀልባም ይዘዋቸው ይወጡ ነበር። ከውሃው ሥር ያለውን ቀለም በመጀመሪያ ያዩ ቀን፣ ለእናታቸው በጻፉት ደብዳቤ ላይ «የመስቀል አበባ ከውሃ በታች በቅሎ ዓሣ ሲግጠው አየሁ» ብለዋል። ሌላም ያዩት ነገር አለ። አንድ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሞታ ወደ ዳር የተገፋች የባሕር ኤሊ አግኝተው ሆዷን ሲከፍቱ፣ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። ሽማግሌው፣ ኤሊዋ ፌስታሉን የምትመገበው የባሕር እንስሳ መስሏት ውጣው እንደሞተች ነገሯቸው። መምህር መሳይ ይህን ታሪክ በሕይወታቸው ስንት ሺህ ጊዜ እንደተናገሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ቤተሰቡ በቃሉ ያውቀዋል።

በ1979 ዓ.ም. አባታቸው አቶ ኃይለየሱስ ሲያርፉ የበኩር ልጅ ናቸውና ወደ ባሌ ተመለሱ፤ በሮቤ ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የባዮሎጂ መምህር ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወለተኢየሱስ ገብረሥላሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ጸሎትንና ፍቅረየሱስን ወልደዋል። ለሙሽርነታቸው ወደ ምጽዋ ሊወስዷቸው ለባለቤታቸው ቃል ገብተው ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት ዛሬ ነገ ሲባል ከተማዋ የሌላ አገር ሆነች። ያን ጊዜ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ እሳቸው «የሄደው ወደቡ ነው፤ ባሕሩማ የት ይሄዳል?» ብለው ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ ክፍል ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕርን ማስተማራቸው ባሰባቸው።

በመጽሐፉ ላይ ስለ ባሕር የነበረው ግማሽ ገጽ ነው። መምህር መሳይ በግማሹ ገጽ ላይ ሁለት ወር ይቆዩ ነበር። የአንድ ውቅያኖስ ጥልቀት ለማሳየት ተማሪ ሁሉ ከቤቱ ገመድ እንዲያመጣ አዘው፣ ቀጣጥለው የኳስ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አስለክተውታል፤ አንዷ ሜትር መቶ ሜትር ናት አሉ። ከዚያ ወደ ተራራው እየጠቆሙ «ቱሉ ዲምቱን ሁለቴ ደራርባችሁ ብትከቱበት ጫፉ አይታይም» ይሏቸዋል። በሳፋ ውሃ ላይ ጨው በጥብጠው ለእያንዳንዱ ተማሪ በማንኪያ አቅምሰዋል፤ በማግስቱ ሦስት እናቶች ልጆቻችንን አሳመሙብን ብለው መጥተዋል። የመጡ ተቆጣጣሪ «ለመሆኑ ባሌ ውስጥ ስንት ዓሣ ነባሪ አለ?» ብለው ቢያሾፉባቸው «ዓሣ ነባሪ የለም፤ ወንዝ ግን አለ» ብለው መለሱላቸው። ሻያ ከወይብ፣ ወይብ ከገናሌ፣ ገናሌ በሶማሌ ምድር አልፎ ከሕንድ ውቅያኖስ እንደሚገናኝ በሰሌዳው ላይ እየሳሉ፣ ሮቤ ላይ የሚጣል ፌስታል ሁሉ አንድ ቀን ባሕር እንደሚደርስ ያስተምሩ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች «ባርሲሳ ገላና» ይሏቸዋል፤ የባሕር መምህር ማለታቸው ነው። እሳቸው ስሙን ሲሰሙ የተቆጡ ይመስላሉ እንጂ ወደውት ነበር።

ጉድለታቸውም ይነገር፣ ብለዋልና። መምህር መሳይ በክፍል ውስጥ ቁጡ ነበሩ። ሐሳባቸውን የሚያቋርጥ አይወዱም። ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው ይላሉ፤ መጨረሻው ደግሞ ሁልጊዜ ደወሉ ነው፤ ደወሉ ሲደወል እሳቸው ገና በግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ይወዷቸው ነበር፣ ይፈሯቸውም ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ይመስሉን ነበር።

በ1998 ዓ.ም. የወንዝና የባሕር ክበብ አቋቋሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን አስከትለው፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው የሻያን ዳር ከፌስታል ያጸዱ ነበር። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ዘገየባቸው። ልጆቹ ወንዙ ባሕር መድረሱን በካርታ ከማየት በቀር በእጃቸው የሚጨብጡት ነገር የላቸውም ብለው ይጨነቁ ነበር። በ2003 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሲነግሩን ከደስታቸው ብዛት ሻዩን በባርኔጣቸው ላይ ደፉት።

ሐሳቡ ይህ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል አርባ ስድስት ተማሪዎች ከየቤታቸው አንድ አንድ ባዶ ሃይላንድ እንዲያመጡ፤ ባሕር ዳር ለሚኖር ለማያውቁት ልጅ ደብዳቤ ጽፈው ውስጡ እንዲከቱ፤ ክዳኑን በሻማ አሽገው ወንዙ ላይ እንዲጥሉት። ደብዳቤው በአማርኛና በኦሮምኛ ተጻፈ፤ በሶማሊኛ የሚጨመረውን ሰላምታ ደግሞ አንድ የገበያ ነጋዴ ጻፉላቸው። ቅዳሜ ኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም. ከሻያ ድልድይ በታች ተሰልፈው ጣሉ። ጭብጨባው ከፍ ያለ ነበር። ታናሽ እህታቸውም እዚያው ነበረች፤ አጨብጭባለች።

በሳምንቱ መምህር መሳይ በእሷ ቤት ሆነው የዚያኑ ክፍል ፈተና ያርሙ ነበር። አንዱ ጥያቄ፣ ፕላስቲክ በባሕር እንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ዘርዝር የሚል ነው። ጥያቄውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ የኤሊዋን ታሪክ አሳምሮ ጽፎ ነበር፤ እርማት አደረጉለት፣ ሙሉ ነጥብ ሰጡት፣ ከዚያ እስክሪብቶው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። ቀስ ብለው «እኅተማርያም፣ እኔ ባለፈው ቅዳሜ ምንድን ነው ያደረግሁት?» አሏት። እሷም ገና ሳይገባት «ምን አደረግህ ጋሼ? ልጆቹን አስደሰትክ» አለቻቸው። «አርባ ስድስት ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ ጣልኩ» አሉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በትነው ወጡ።

በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ ታምሜአለሁ ብለው ወንዝ ወረዱ። የተናገሩት ውሸት ይህ ብቻ አልነበረም። ለተማሪዎቹም፣ ለባልደረቦቻቸውም፣ ለመንደሩም ጥናት ላይ ነኝ አሉ። ተሳስቻለሁ የሚለውን ቃል ለሁለት ሰው ብቻ ተናገሩት፦ ለባለቤታቸውና ለእህታቸው። እነሱንም አስምለው ዝም አሰኟቸው። ልጆቻቸው ጸሎትና ፍቅረየሱስ እንኳ ጥናት መስሏቸው ኖሩ። ሃይላንዶቹ ባሕር ሳይደርሱ አንድም ሳይቀር መሰብሰብ አለባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው ይነገራል፣ ይሉ ነበር።

ጫፉ ላይ ቆልማማ ሽቦ ያሰሩበት ረጅም ዱላ ነበራቸው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ከቁጥቋጦና ከድንጋይ ሥር ሠላሳ ሦስቱን አወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው አስቸጋሪ ሆነ፤ ምክንያቱም ሃይላንድ ክዳኑ ደህና ከሆነ ሰው አንሥቶ ይጠቀምበታል። ከሮቤ በታች አንድ መስጊድ አጠገብ ለውዱእ ውሃ ሲቀዳበት አገኙ፤ ሁለት አዳዲስ ጣሳ ገዝተው ለወጡት። ጎሮ ገበያ ላይ ደግሞ አንዲት ባልቴት ጠበል ሞልተውበት አገኟቸው። ባልቴቲቱ «ጠበል ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም፣ ሲያልቅ ና» አሏቸው። በቀን አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የሚጠጡት። መምህር መሳይ ሦስት የገበያ ቀን ተመላልሰው፣ በአራተኛው የቀረውን አብረዋቸው ጠጥተው ሃይላንዱን ይዘው ተመለሱ። ያን ዕለት ሲያስቸግራቸው የከረመው የሆድ ሕመም ለቀቃቸው፤ እሳቸው ግን ጠበሉ ነው አይሉም፣ አንድ ሃይላንድ ስለተገኘ ነው ይላሉ።

ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ወንዙ ባገተው ቆሻሻ መካከል ሰባት አገኙ። ጊኒር ሁለት አገኙ። አብዛኛዎቹ ውሃ ገብቷቸው ደብዳቤው ቦክቶ ስለነበር የማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ሻማው ግን ክዳኑ ጥርስ ላይ ደርቆ ስለሚቀር የእሳቸው መሆኑን በዚያ ያውቁ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በጭነት መኪና እስከ ዶሎ ድረስ ወርደው ከገናሌ ዳር አንድ አውጥተው፣ ወባም ይዘው መጡ። ወ/ሮ ወለተኢየሱስ በትኩሳታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረጉ «እኔ እኮ ለመምህር የተዳርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወንዝ ነው ያገባሁት» ብለዋል። ትኩሳቱ ሳይለቃቸው ቆጠሩ። አርባ አምስት ሞልቷል።

አንድ ቀረ። ይህ አንድ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው።

በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ከተገለሉ በኋላ እንኳ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ዱላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ደረታቸው ይታፈናል። ሐኪም ዕረፍት ያዛል፤ ዕረፍት ደግሞ እሳቸው ጋ ቦታ የላትም። ታናሽ እህታቸው አንድ ቀን ንዴቷ ገንፍሎ «ጋሼ፣ በየገበያው ቀን በዚያ ወንዝ ስንት ሺህ ፕላስቲክ ነው የሚወርደው! አንተ አንድ ሃይላንድ ፍለጋ ልትሞት ነው?» አለቻቸው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «የሌላው የሌላ ነው። ይሄኛውን ግን አንድ ልጅ እኔን አምኖ ነው የጣለው» አሏት። ወጥተው ሄዱ።

ባለፈው ኅዳር ወር ከሻያ ዳር ወድቀው ገበሬዎች ተሸክመው አመጧቸው። ሕመማቸው የልብ ድካም ነው ተባለ፤ ጎባ ሆስፒታል ተኙ። እግራቸው አብጦ መራመድ ሲያቅታቸው አልጋው ላይ ሆነው ጣቶቻቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይውሉ ነበር። ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ቀርቶኛል። ጠያቂው ስለ ዕድሜ የሚያወሩ መስሎት ያጽናናቸዋል።

ትልቋ ልጃቸው ጸሎት ብድሬ ላይ ነርስ ናት። አባቷ እንዲህ እንደሚቃዡ ስታይ እናቷን አስጨንቃ ጠየቀች፤ ወ/ሮ ወለተኢየሱስም ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መሐላቸውን አፍርሰው ነገሯት። ጸሎት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ለጎረቤቷ ለመምህርት ከሚላ ዑስማን እያለቀሰች አጫወተቻት። ከሚላ በሮቤ ገበያ ሱቅ የነበራቸው የአቶ ዑስማን ልጅ ናት፤ ዛሬ ብድሬ ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከአርባ ስድስቱ ተማሪዎችም አንዷ ነበረች። ወሬውን ሰምታ ስትጨርስ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቤቷ ገባች፤ በማግስቱ ማልዳ መኪና ተሳፈረች።

ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆስፒታል ገባች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛለች። «አላህ ያሽርዎት ቲቸር» ብላ አጎንብሳ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ጋዜጣውን ፈታችው። ሻማው ያልተነካ ሃይላንድ ነበር፤ ደብዳቤው ውስጡ ደርቆ ተቀምጧል።

«የእኔን አልጣልኩትም» አለቻቸው።

መምህር መሳይ ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ። «ለምን?»

«በፊተኛው ሳምንት የኤሊዋን ታሪክ አስተምረውን ነበር። ደብዳቤውን ስጽፍ እሷ ትዝ አለችኝ። ሌሎቹ ሲጥሉ እኔ በሻርፔ ሸፍኜ ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህም መጣያ ቦታ አጣሁለት፤ የትም ብጥለው ዝናብ ወንዝ ያወርደዋል ብለውናል። ሄድኩበት ሁሉ ይዤው ሄድኩ። እርስዎ እየፈለጉት መሆንዎን ብሰማ ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር።»

«ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

ከሚላ አንገቷን ደፋች። «ቲቸር፣ እርስዎን በክፍሉ ሁሉ ፊት እንዴት አርማለሁ? ነውር አይደል?»

ደብዳቤውን እንድታነብላቸው ጠየቋት። ሻማውን በጥፍሯ ፍቃ ከፈተችው። በልጅ ጽሕፈት የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር ለምትኖር እኅቴ። ቲቸር ጻፉ ስላሉን ጽፌልሻለሁ። ግን አልልክልሽም፤ ኤሊ ትበላዋለችና። ስላልላክሁልሽ አትቀየሚኝ።» ታናሽ እህታቸው እዚያው ቆማ ነበር። አርባ ስድስት ሞላ ብላ በደስታ አለቀሰች፤ አሁንስ አረፉ አለች።

አላረፉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም፣ እራትም አልበሉም። በማግስቱ እህታቸውን ጠርተው ወረቀት አምጪ አሏት። «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ነሽ የምትጽፊው፤ ሌላው ያለሳልሰዋል» አሉ። ከዚያ በእርጋታ፣ አንዳንዴ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ የሚከተለውን አስጻፏት፦

«በኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም. መምህር መሳይ ተሳስተዋል ብለሽ ጻፊ። ስሕተቱ ሃይላንዱ አይደለም፤ እሱን ለቅሜዋለሁ። በክፍሉ ውስጥ ትክክሉን የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ከእኔ የተማረችውን ለእኔ መንገር ፈራች። ያስፈራኋት እኔ ነኝ። እኔም ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሰው እንዳይሰማብኝ ደበቅሁ። ያን ጊዜ ክፍል ገብቼ ተሳስቻለሁ ብል ኖሮ ከሚላ በዚያው ሰዓት ትነግረኝ ነበር። ወንዙን ሳይሆን ልጆቹን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ስንቱ ነው ሌላ ነገር አውቆ ዝም ብሎኝ የወጣው? እሱን በምን ዱላ እፈልገዋለሁ?»

ታናሽ እህታቸው ሦስት ጊዜ ተከራከረች። «ጋሼ፣ ይህ በቀብር ላይ አይነበብም፤ የሮቤና የጎባ ሰው ምን ይላል?» አለቻቸው። «የሚለውን እንዲል ነው እኮ» አሏት። ልትቆጣ ነበር፤ ዐይናቸውን ስታይ ተወችው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከሚላ እየተመላለሰች ጠየቀቻቸው። ስለ ትምህርት አሰጣጥ ሲጨዋወቱ፣ እሳቸው ስለ ወንዞቹ የተናገሩትን አንድ ነገር «እንደሱ አይደለም ቲቸር» ብላ አረመቻቸው። በሕይወታቸው ከሰሙት ሁሉ የሚጥም ነገር የሰሙ መስለው «ድገሚው» አሏት። ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው እያሉ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

መምህር መሳይ ኃይለየሱስ ከወ/ሮ ወለተኢየሱስ ገብረሥላሴ የወለዷቸው የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት፣ ለሠላሳ ሦስት ዓመት በሮቤ ያስተማሯቸው ተማሪዎችም አባት ነበሩ። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለታናሽ እህታቸው፣ ከብድሬ፣ ከጎሮና ከሮቤ ለመጣችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ያድላችሁ። ባሕሩን የፈጠረ፣ ለውሃውም ዳርቻ የሠራለት አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እግራቸው በዚህ ምድር ያጣውን ዕረፍት በዚያ ይስጥልን።

ጽሑፉ በዚህ አያበቃም፤ ሟቹ ያስጻፉት አንድ የመጨረሻ ትእዛዝ አለ። አንባቢው እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ቀና እንዲል አዘዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሕተት የሰማችሁ፣ ወይም መምህር መሳይ ሲያስተምሯችሁ ሳሉ ስሕተት ሰምታችሁ ፈርታችሁ የተዋችሁት ነገር ያለ እንደሆነ፣ ተማሪዎቻቸው እጃችሁን አውጡና ተናገሩ። በሰው ፊት ቢሆንም ነውር አይደለም፤ እሳቸው ፈቅደዋል። ቄሶቹንም ቀደም ብለን ለምነናቸዋል፣ ይታገሡናል። የመጀመሪያው እጅ እስኪወጣ ድረስ እንጠብቃለን።